የሚስቴን ሒሳብ ንገሪኝ

ጥቅምት 6
ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ የተለጠፈችውን ኪዮስኬን በጠዋት ከፈትኩ። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛውም፣ ስልኩም፣ ቅንድቤም ዱቄት ይለብሳል። ባሌ ከግድግዳው ወዲያ ጆንያ ይሸከማል፤ እኔ ከወዲህ የሰው ብር በስልክ እቀበላለሁ፣ እልካለሁ። ከተማ ወርጄ የዚህን ሥራ ስልጠና ስወስድ «ማን ሊያስቀምጥ ነው አንቺ ጋ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ይኸው ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ማንበብ ለማይችሉት ቁጥሮቹን በቦታቸው አሳያለሁ። አምስት መሃል ናት፤ ከሷ በላይ ሁለት፣ ከሷ በታች ስምንት። ሽንኩርት ሻጯ የምስጢር ቁጥሯን ገበያው እስኪሰማ ጮኸች። «ኧረ ቀስ!» ብላት «ታዲያ አንቺ ራቅሽብኛ!» አለችኝ። አስቀየርኳት። አዲሱንም ጮኸች።

ጥቅምት 9
የባለወፍጮው ሚስት ካርድ ልትገዛ መጣች። ማለቴ... ካርድ የምትገዛ መስላ መጣች። ከደረቷ የተጠቀለለ ብር አወጣች። የዶሮዎቿ ነው፣ የእንቁላሏ። «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ትላለች፤ ዓይኗ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው። ስልኳን መንካት ትፈራለች፤ እንደ ሁልጊዜው የምስጢር ቁጥሯንም እኔው ነካካሁላት። ምን ልታደርግበት ይሆን? አልጠየቅኳትም። ምን አገባኝ?

ጥቅምት 14
ባለወፍጮው መጣ። ሰው እስኪሄድ ጠብቆ መስኮቴ ላይ ተደገፈ።
«የሚስቴን ሒሳብ ንገሪኝ።»
«እሷን ይጠይቋት፣ ጋሼ።»
«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»
«እኔ አልናገርም።»
ሳቀ። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይቺ ግድግዳ የማን ናት? መብራቱስ ከማን ነው የሚመጣልሽ? ባልሽስ የማን ሠራተኛ ነው?»
«ሁሉም የእርስዎ ነው። የሚስትዎ ሒሳብ ግን የሚስትዎ ነው።»
ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። 

ጥቅምት 15
ባሌ ሰምቷል። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።
«አንድ ቁጥር አይደለ እንዴ? ንገሪውና እንገላገል።»
«አልነግረውም።»
«ያንቺ ባልሆነ ምስጢር ታስጨርሺናለሽ?»
«የኔ ስላልሆነማ ነው!»
ጀርባውን ሰጠኝ። አማቴ ጥግ ላይ ሆና ባቄላ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። ከማን ጋር ናት?

ጥቅምት 17
መብራት ተቆረጠ። የኔ ብቻ።

ጥቅምት 18
ባለወፍጮው ባሌን «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ልጆቹ እንኳ ገብቷቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ልንገረው ይሆን? እውነትም አንድ ቁጥር ናት... ግን ዛሬ ለሱ ከነገርኩ፣ ነገ የሽንኩርት ሻጯ ባል ይመጣል። ከነገ ወዲያ የሌላዋ ወንድም። ከዚያ ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን እንዴት ብዬ ነው የማምነው?
አልነግረውም። ጾሜን ባድር አልነግረውም።

ጥቅምት 19
የባለወፍጮው ሚስት በጓሮ በኩል መጣች። ዓይኗ አብጧል።
«ንገሪው በቃ። በኔ ምክንያት ልጆችሽ አይራቡ።»
«ከፈለጉ እርስዎ ይንገሯቸው፣ እትዬ። ከኔ አፍ አይወጣም።»
ስትወጣ በሩን ይዛ «ታውቂያለሽ... ለብቻዬ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበር» አለች።
ይህን ከሰማሁ በኋላማ ጭራሽ!

ጥቅምት 22
ዕቃዬን ሰብስቤ ገበያው መሃል ጃንጥላ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ስልኩን ልብስ ሰፊው ቻርጅ ያደርግልኛል። መጀመሪያ ማንም አልቀረበም። ሩቅ ቆመው ያዩኛል... ሽንኩርት ሻጯ ዘንቢሏን ጎትታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ብር ማስቀመጫው እዚህ ነው! እዚህ ነው!» ድምፅዋ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጡ።

ጥቅምት 25
ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ባለወፍጮው ቆሞ ይናገራል። «ሚስቶቻችንን አሸፈተችብን! ባል የሚስቱን ገንዘብ የማያውቅበት ምን ዓይነት ዘመን ነው?» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።
ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ ተናገሪና ሰላም ይውረድ» አሉኝ።
ሰላም? የማን ሰላም? ደሜ ፈላ። ተነሳሁ።
«እሺ። ግን እኔ ጋ የሚያስቀምጡት ሴቶች ብቻ አይደሉም። መናገር ካልቀረ የሁሉንም ልናገር። ከዚህ ክፍል ልጀምር? ማን ከሚስቱ ደብቆ ስንት እንዳስቀመጠ...»
አንዱን ሳል ያዘው። ሌላው መሬት የወደቀበት ነገር እንዳለው ሰው ጎንበስ አለ።
«ተይ፣ ተይ ልጄ!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ቸኩለው። «የሰው ምስጢርማ እንዴት ይወጣል! አደራ አይደለም እንዴ?»
ባለወፍጮው አንድ በአንድ አያቸው። ማንም መልሶ አላየውም።
ለራሴ እውነቱን ልጻፍ፦ የአንዳቸውንም አልናገርም ነበር። እነሱ ግን ይህን አላወቁም። ይበላቸው!

ኅዳር 2
ባሌ መንገድ ሥራ ገብቶ ድንጋይ ይጭናል። ከጆንያው የባሰ ነው። ወገቡን ሳሸው «ዛሬ ፎርማኑ ‹የዚያች ሴትዮ ባል› ብሎ ጠራኝ» አለ። ተናዶ ነው? ኮርቶ? አልለየሁትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦
«እናቴም አንቺ ጋ ታስቀምጣለች?»
«እሷን ጠይቃት።»
ሳቀ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ! ከመጋረጃው ወዲያ አማቴም ስትስቅ ሰማሁ።

ኅዳር 10
መብራቱ አልተመለሰም። አይመለስም። ጃንጥላዬ ሥር ነኝ።
የባለወፍጮው ሚስት ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያውን አቋርጣ፣ ብሯን በእጇ ይዛ መጣች። ባሏ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል።
«ነገርኩት» አለችኝ።
ደነገጥኩ። «ስንት እንዳለዎት?»
«ኤዲያ! ብር አለኝ አልኩት። ስንት እንደሆነ ግን አልነግርህም አልኩት።»
«እሳቸውስ?»
«ጮኸ። ከዚያ ራቱን በላ።»
እንደ ሁልጊዜው ቁጥሯን ልነካካላት ስልኳን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ደረቷ ላይ ለጠፍ አደረገችው።
«ዞር በይ» አለችኝ።
ዞርኩላት።