ስንጥቁን በቀለም ለሸፈኑልን ኃላፊ

እታለም፣ ዛሬ ለቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ልጽፍ ነውና አትቆጪኝ። «አፍህን ሰብስብ፣ ቤቱን ያስለቅቁናል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሊያስለቅቁኝ ስለሆነ አፌን የምሰበስብበት ምክንያት የለኝም። አንቺ እንዳሳደግሽኝ በጨዋ ደንብ እጽፋለሁ።

ለተከበሩ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለእግርዎ፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ የቢሮዎ ደረጃ እብነ በረድ ስለሆነ ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም። እኔ ከዋናው መንገድ ዳር ባለው አሮጌ ፎቅ ቤት፣ የላይኛው ክፍል፣ እንደ እናትም እንደ አባትም በሆነችኝ ታላቅ እህቴ እጅ ያደግሁ ተማሪ ነኝ። ያለብኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

፩. እንግዶች በመኪና ያልፋሉ ተብሎ ቤታችንን ስላስቀቡልን አመሰግናለሁ። ቀቢዎችዎ ከመንገድ የሚታየውን ግድግዳና የእንጨቱን ደረጃ አረንጓዴ ቀብተው፣ ከመንገድ የማይታየውን የሚያፈስ ጣሪያ በትሕትና አልፈውታል። የበሰበሰውን መርገጫ ስንጥቅ በስቱኮ ደፍነው ሲቀቡት ያዩ፣ ምድር ቤት የሚኖሩ ልብስ ሰፊ «እንጨቱን ቀየራችሁት ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አለቃቸው «አባባ፣ አዲስ አይመስልም እንዴ?» ብሎ መልሶላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ይመስላል።

፪. እህቴን ስላስደሰቷት አመሰግናለሁ። ያ መርገጫ እንዲጠገን ለዓመታት ስታመለክት የኖረች፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እርስዎን የምታምን እሷ ብቻ ነበረች። ሁላችንም ስንጥቁን እያየን እንዘለው ነበር፤ እኔ በተቀባበት ቀንም በልማዴ ዘልዬ ገብቻለሁ። እሷ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከታች ሆና ቀና ብላ «አየህ አንተ ጨለምተኛ፣ ሰሙን እኮ!» አለችኝና ወጥታ፣ ሳትዘል በሙሉ ክብደቷ ረገጠችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችው የለም።

፫. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ለዓመታት «እንጨት የለም» ሲባልለት የኖረው መጋዘንዎ፣ ከቀብር ስንመለስ አዲስ መርገጫ አስመትቶና አስቀብቶ ጠበቀን፤ እንግዶቹ ቀዳዳውን አይተው እንዳይከፋቸው። ለካ እንጨቱ ነበረ፤ የጎደለው ሬሳ ብቻ ኖሯል።

፬. ውሉ በእህቴ ስም ስለሆነና እኔም ለአካለ መጠን ስላልደረስሁ ቤቱን በአስቸኳይ እንድለቅ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ለእሷ ማመልከቻ ሁሉ የጽሑፍ መልስ የነፈገ ጽሕፈት ቤት ለእኔ ሳልጠይቀው መጻፉ ምን ያህል ቢወደኝ ነው? አልለቅም። ይህንንም በታላቅ አክብሮት ነው የምለው።

ሥልጣንዎ እንደ ቀለምዎ ይድመቅ፣ እንደ ቀለምዎም ይጽና እያልሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ፤

የሟች ወንድም

ይህንንም ልጨምር፦ ዘመድ ሁሉ ተበትኖ ብቻዬን ባደርሁ ማግስት ጠዋት፣ የሚቀሰቅሰኝ ስላልነበረ በራሴ ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለበስሁ፣ የወጥ ቤት ቢላ ይዤ ወጣሁና ከላይኛው መርገጫ ጀምሬ ቀለምዎን እየፋቅሁ ወረድሁ። ስቱኮው ሲነሳ ሌሎች ስንጥቆችም ወጡ። ልብስ ሰፊው የልብስ ጠመኔያቸውን አቀበሉኝ፤ በያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ በትልቁ «አትርገጡ» ብዬ ጻፍሁ። እንግዶችዎ በመኪና ሲያልፉ ከመንገዱ ይነበባል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄድሁ።