ሁለት ዓይነት ፋሻ

መስከረም 6 ቀን 2003፣ ሐሙስ

መካኒኩ ታምራት የቮልሷን ሞተር አውርዶ ጨርሷል። አራቱን ፒስተኖች በጋዜጣ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። የሁለቱ ፋሻ ተሰብሯል፤ የቀሩትም ሳስተዋል። መካኒኮች ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያቅፈውን የብረት ቀለበት ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፋል፣ ጉልበቱ ወደ ታች ያመልጣል። ቮልሷ ዓምና ዳገት እምቢ ያለችው፣ ሰማያዊ ጭስ ስትተፋ የከረመችው በዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው አለ። ፋሻ ብቻ።

«ብቻ» ማለት ቀላል ነው። መኪናዋ ከታምራት በዕድሜ ትበልጣለች። እሱን ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምረው እንኳ አሮጌ ነበረች።

ችግሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። መስቀል የፊታችን ሰኞ አይደለም፣ የሚቀጥለው ነው። ባለቤቴ ዘነበች ደጋ ላይ፣ ጨንቻ ወንድሟ ቤት መግባት አለባት። ዓምና ቀርታለች። ሶርሳ በሬው ሲታረድ የእህቱን ድርሻ ለይቶ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ እንዳቆየው ሰው ነገራት፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ የጎጃም ሰው ደመራ አይቼ ቤቴ ብገባ ይበቃኛል። ለጋሞ ሰው ግን ዓመቱ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ የራቀ የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው። እሷን የያዛት ጉልበቷ ነው። የሚኒባሱ ደረጃ ከፍ ይልባታል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ግፊያው አለ። ቮልሷ ዝቅ ያለች ናት፤ መጀመሪያ ቁጭ፣ ከዚያ እግርን መሰብሰብ ነው።

ሰላም ጋ ደወልኩ። ልጃችን አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር አጭርና ግልጽ ለመሆን ሞከርኩ፦ ፋሻ፣ ባለ ሃምሳ፣ ለአራት የሚሆን። ባለ ሃምሳ ያልኩት ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት በቶርኖ ስለሰፋ ነው፤ ስታንዳርዱ አይገጥምም። የሚለጠጠውን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ። ካልተለጠጠ ምን ይረባል አልኳት። ለእማዬ ነው? አለች። ለእሷ ካልሆነ ለማን አልኩ። ነገ በአውቶቡስ እልካለሁ አለች።

ልጅን ማስተማር ጥቅሙ ይኼ ነው። ተገቢውን ጥያቄ ትጠይቃለች።

መስከረም 7፣ ዓርብ

ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ወርጄ የጎደለውን ዕቃ ስፈልግ ዋልኩ። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ተገኝቷል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተገኝቷል፤ ትንሽ ቢረዝምም ታምራት ይበቃል ይላል፣ እኔ ግን ነገ ለክቼ ነው የማምነው። ዘይት እንዳያፈስ በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ጓርኒሶን ከሉህ ይቆርጠዋል። የቀሩት ሱቆች የአይሱዙ፣ የቶዮታ፣ የባጃጅ ዕቃ ብቻ ነው የያዙት። አንዱ ባለሱቅ የቮልስ ዕቃ ከፈለጉ ሙዚየም ይጠይቁ አለኝ። ጠይቄ ነበር፣ አንሸጥም አሉኝ አልኩት። ትንሽ ድል።

ዘነበች ለወንድሟ የገዛችውን ቡሉኮ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። «ቲቸር፣ ትነሳለች?» አለችኝ። መኪናዋን ማለቷ ነው። ፋሻው መንገድ ላይ ነው አልኳት።

መስከረም 8፣ ቅዳሜ

ጥቅሉን ከአውቶቡስ ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ይዤው ሄድኩ። ለስላሳ ነበር፤ እዚያው መጠርጠር ነበረብኝ። ታምራት ፊት ፈታሁት። የሚለጠጥ የቁስል ማሰሪያ ፋሻ፣ አራት ጥቅል፣ ከነመቆንጠጫው።

ታምራት ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አየ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ «ቲቸር፣ የትኛው ሲሊንደር ነው ያመመው?» አለ።

ወደ ቤት ስመለስ ነገሩን ከመጀመሪያው አሰብኩት። መጠኑን ተናግሬያለሁ። ብዛቱን ተናግሬያለሁ። መለጠጡን ሳይቀር አረጋግጫለሁ። የመኪና ነው ማለትን ብቻ ነው የረሳሁት። እንዲህ ያለ መልስ ተማሪ ቢሰጠኝ ሥሌቱ ልክ ነው፣ ጥያቄው ሌላ ነው ብዬ እጽፍበት ነበር።

ጥቅሎቹን ለዘነበች ሰጠኋት። ሌላ ምን አደርጋቸዋለሁ።

መስከረም 9፣ እሑድ

ሰላም ነገሩን ስነግራት ከሳቅ ብዛት መናገር አቃታት፤ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ባለ ሃምሳ የሚባል ስፋት ስላጣች ትልቁን መርጣ ነው የላከችው። ነገ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳ የብረቱን ትፈልጋለች። ቀጥላም ስልኩን ለእናቷ አሰጥታ አስተሳሰሩን ነገረቻት፦ ከጉልበት በታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ እንዳይጠብቅ፣ ስትተኛ ይፈታ።

ዘነበች ግን ከጠዋት ጀምሮ አስራው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች። እንዴት እንደሆነላት አልጠየቅኳትም። የግቢውን በር ስትሻገር ግን መቃኑን አልያዘችም።

መስከረም 11፣ ማክሰኞ

ሰላም ሶማሌ ተራን ትናንትም ዛሬም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረችው። ስታንዳርድ አለ፤ ባለ ሃምሳ የለም። አንዱ ከበዓል በኋላ አስመጣለሁ ብሏል። ታምራት ስታንዳርዱን አስገብተን እንሞክረው አለ። ዳገት ላይ የሚከዳ ነገር አንሞክርም አልኩት። ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። ሻይ ስንጠጣ ደግሞ ተውነው።

ያን ጊዜ ነው ምዕራብ ዓባያ አንድ የቆመች ቮልስ አለች ያለኝ። ግን ሞተር የላትም አለ። ማን አየ? ስለው፣ ሁሉም ነው የሚለው አለ።

ሁሉም ያየው ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ያላየው ነው። ነገ እሄዳለሁ።

መስከረም 12፣ ረቡዕ

በጠዋቱ ሚኒባስ ላንቴን አልፌ ምዕራብ ዓባያ ገባሁ። የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች። ባሏ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ካምቢዮው ተበላሽቶበት አቁሟት ሳያሠራት ሞተ። ቮልሷ ማንጎ ሥር ቆማለች። ጎማዎቹ የሉም፤ ወንበሩ ላይ የበቆሎ ጆንያ ተጭኗል።

«ሞተር የለውም ጋሼ፣ በከንቱ ደከምክ» አለችኝ፤ አማርኛዋ ሴቱንም በወንድ ነው የሚጠራው። ራሷ የፊቱን ኮፈን ከፍታ አሳየችኝ፤ ገለባ ብቻ። ስንት ሰው መጥቶ እዚያው ፊቱን ከፍቶ፣ ባዶ ነው ብሎ ሄዷል አለች። በኋላ በኩል ዞርኩ። ክዳኑ ተገንጥሎ በምትኩ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ጆንያውን ገለጥ አደረግኩ። ዶሮ ተቀምጣለች። ከዶሮዋ ሥር ሞተሩ አለ። ምንም አልጎደለበትም፤ ላባና አፈር ብቻ።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ሞተር በኋላ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ቆማ መሳቅ አቅቷት የማንጎው ሥር ላይ ተቀመጠች። ይኼ ጥበብ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ቮልስ ስነዳ ኖሬ ነው። ሌሎቹ ስላላወቁ ነው እስከ ዛሬ ተፈታትታ ያላለቀችው።

እጄን ስሰድ ግን ሳቋ ቆመ።

«ዶሮው ታቅፏል ጋሼ። አይነሳም።»

በቅርጫት እናዛውራት አልኳት። ከተነካ እንቁላሉን ይተዋል አለች። ልክ ናት፤ እናቴም ቤት እንዲሁ ነበር። መቼ ይፈለፈላል? ከመስቀል ማግስት በኋላ። የዘነበችን ነገር ነገርኳት፤ ጉልበቷን፣ የዓምናውን፣ ወንድሟን። በጥሞና ሰማችኝ። ጋሞ ናት፤ ምን ማለትህ ነው አላለችም። ብዙ ካሰበች በኋላ «እህት ወንድሙ ቤት መግባት አለበት። ግን ዶሮውም እናት ነው» አለችኝ።

ጫጩቶቹ ሲወጡ በጎረቤት ስልክ ልትጠራኝ፣ እኔም የምፈልገውን ወስጄ የቀረውን ብረት ለዶሮዋ ቦታ ልተውላት ተስማማን።

በዚህ ዕድሜዬ በዶሮ ቀጠሮ ተሰጠኝ።

መስከረም 13፣ ሐሙስ

ለዘነበች በምሳ ሰዓት ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችው ዶሮዋ ምን ዓይነት ናት የሚለውን ነው። እንዳታስነሷት አለች። ቀጥላም በሚኒባስ እሄዳለሁ አለች።

ደረጃውን አስታወስኳት። ተነስታ የለስላሳ ሳጥን አምጥታ በረንዳው ላይ ገለበጠችው። ፋሻ በታሰረው እግሯ ወጣች፣ ወረደች። ደገመችው። ፊቷ ትንሽ ተጨማደደ፤ ግን ወጣች።

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ የደከምኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሞተሩን ፈትተህ አየህ፤ ጉልበቴን ግን ምን ያህል ይችላል ብለህ አልጠየቅከኝም።»

ከሰዓት በኋላ ቺንጋውን ለካሁ። ይረዝማል። በሌላ ለወጥኩት።

መስከረም 15፣ ቅዳሜ

ሸኘኋት። መናኸሪያው ገና በጠዋቱ በሰው ተጥለቅልቋል፤ ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ዶሮ የያዘ፣ ቡሉኮ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ። ረዳቱን ለምኜ ከሾፌሩ ጎን ወንበር አስያዝኩላት። እኔም ልሂድ ብዬ ነበር፤ ያልፈቀደችው እሷ ናት። ሞተሩን ትተህ ብትመጣ እዚያም ሄደህ የምታወራው ስለ ሞተር ነው አለችኝ። እውነቷን ነው።

ደረጃው ላይ ትከሻዬን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። ወጣች።

ሚኒባሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ ነበር። ስመለስ ቤቱ ሰፋብኝ።

መስከረም 17፣ ሰኞ፣ መስቀል

ደመራውን ትናንት ከጎረቤት ጋር ሄጄ አየሁ። ዛሬ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ጫጫታ፣ ዘፈን፣ ነፋስ። ሶርሳ ነው። «ዮ ማስቃላ!» ብሎ በጋሞኛ የበዓሉን ሰላምታ ጮኸብኝ፤ እኔም በበረንዳዬ ላይ ብቻዬን ሆኜ መልሼ ጮህኩ። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉ አላውቅም። ዘነበች ስልኩን ተቀበለችው። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ያለውን አቀበት እያረፈች ወጥታዋለች። ሶርሳ ሁለት ድርሻ አቅርቦላታል፤ አንዱ የዓምናው ነው ብሏል። ይኼን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለወጠ። ጉልበትሽስ? አልኳት። ዛሬ በትክክል ጠየቅክ አለችኝ። አብጧል፣ ግን ያስቆማል።

መስከረም 21፣ ዓርብ

«ጋሼ፣ ዶሮው ፈልፍሏል፣ ና።»

ከታምራት ጋር መፍቻዎቹን ይዘን ሄድን። ጫጩቶቹ እግራችን መካከል ይሯሯጣሉ፤ ወይዘሮ ብርቄ ስፌት ደፍታባቸው ከለከለችልን። አራቱን ሲሊንደሮች ከነፒስተናቸው፣ ከነፋሻቸው አወጣን። አንዱ ዝጎ ተጣብቆ ነበር፤ በናፍጣ አርሰን፣ በእንጨት እየመታን አወጣነው። በመለኪያ አየኋቸው፤ ታምራት በቃ እስኪለኝ ድረስ ደጋግሜ አየኋቸው። አንድም ፋሻ አልተሰበረም። ሰውየው መኪናውን በደንብ ይዟት ነበር፣ ነፍሱን ይማር። እንደገቡ ሆነው ከነሲሊንደራቸው ስለሚገጠሙ የባለ ሃምሳው ነገር ቀረ።

የቀረውን ብረት ወደ ቦታው መለስን። ጆንያውን ራሴ ሰቀልኩት።

መስከረም 25፣ ማክሰኞ

ተነሳች።

መጀመሪያ አስነጠሳት። ዝም አለች። ታምራት ካርቡራተሩን ነካካ። እንደገና ሞከርን፣ ያዘች፤ ከሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል አንዲት ላባ በርራ ወጣች። ሁሉንም በብሩሽ አጽድቼ ነበር። የት እንደተደበቀች እንጃ።

ዘነበች ነገ ልትወርድ ነው። ወጥቼ አመጣሻለሁ ልላት ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ገና ዛሬ የተነሳ ሞተር በማግስቱ ዳገት አይሞከርበትም፤ መጀመሪያ ሜዳ ላይ መለማመድ አለበት። ይኼን ለታምራት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እሱ መልሶ አስተማረኝ። የጨንቻው መንገድ አስፋልቱን የሚገናኝበት ላይ እጠብቅሻለሁ አልኳት።

መስከረም 26፣ ረቡዕ

ቀድሜ ደረስኩ። መገንጠያው ላይ ጥላ ሥር አቁሜ ዘይቱን አየሁ፣ ሞተሩን በእጄ ዳሰስኩ። ሚኒባሶች ወረዱ፤ በአንዱም የለችም። ከዚያ መጣች።

ራሷ ወረደች። መጀመሪያ ደህናውን እግር፣ ከዚያ ፋሻ የታሰረውን። በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ በእጇ ይዛለች። አነከሰች፣ ቆመች፣ አስተካከለች፣ መጣች። ቮልሷን ዞራ አየቻት። ሞተሩን አስነሳሁላት፤ ከኋላ ስስ ጭስ ይወጣል።

«ታጨሳለች» አለችኝ።

«እስክትለምድ ነው።»

«እኔም እስክለምድ ነው ያነከስኩት።»

ቁጭ አለች፤ እግሯን ሰበሰበች፤ በሩን ዘጋሁላት። በላንቴ የሙዝ እርሻ መካከል ቀስ እያልን ነዳን። ባጃጅ እንኳ ቀደመን። ስለ ሶርሳ፣ ስለ ድርሻው፣ ስለ ብርዱ ስታወራልኝ እኔ በአንድ ጆሮዬ ሞተሩን እሰማ ነበር። ታውቅብኛለች። ዝም ብላ አወራች።

ቤት ስንደርስ ጠየቀችኝ፦ «ለከርሞ ማን ማንን ነው የሚወስደው?»

አላውቅም አልኳት። እውነት ለመናገር አላውቅም። ጭሱ ይጥፋ አይጥፋ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ አይቼ ነው የምፈርደው። ፋሻውን አጥባ ገመዱ ላይ አስጥታዋለች፤ ከዚህ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ነገ መልሳ ስታስረው ጎንበስ ማለት ከከበዳት፣ እኔ አስርላታለሁ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው፣ እንዳይጠብቅ።