ሚጥሚጣው ነው አልኳት

መስከረም 21፣ ወልቂጤ

ከሐኪም ቤት ስንመለስ እማዬ ባጃጁ ውስጥ እጄን ይዛኝ ነበር። እኔ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ወዲህ እኔ ጋ ናት። ከሆስፒታል ስትወጣ የካልሲየም ክኒን ሰጥተዋት፣ ሳታቋርጥ እንድትወስድ ነግረውን ነበር። ክኒኑ ትልቅ ነው። ጉሮሮዋን እያመማት ስትታገል አየሁና «ተይው እማዬ፣ አይቡ ይበቃሻል» አልኳት። የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ? የመስቀል ሰሞን ነው፤ አይቡም ክትፎውም ቤቱን ሞልቶታል።

ትናንት «ከንፈሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል» አለችኝ። ሳቅሁባት። «ሚጥሚጣው ነው» አልኳት።

ዛሬ ምሳ ላይ ጣቶቿ ተኮማትረው ቆጮው ከእጇ ወደቀ። ልዘረጋላት ብሞክር እምቢ አሉ። በባጃጅ ይዣት በረርኩ።

ሐኪሟ ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ አድርጋ ስትሰጣት ጣቶቿ ተፈቱ። ከእንቅርቱ አጠገብ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ ከቀዶ ጥገናው እስኪያገግሙ ምግብ ብቻውን አይበቃም፣ ከንፈሯን የወረራትም የካልሲየም ማነስ ነው አለችን። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ «ክኒኑን ማን አስቆመዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

እማዬ ቀደመችኝ። «ማንም። እኔው ነኝ፣ አልዋጥ ብሎኝ።»

ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርኩም።

እራት ላይ ክኒኗን ከውሃ ጋር አቀረብኩላት። እየተናነቃት ዋጠችው። ከዚያ ሳህኑን እያየች «አይቡንስ ልብላው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። «አንተ ታውቃለህ።»