ደምሴ የቆረጠው ቦታ

ሰኞ፣ ሁዳዴ የገባ ዕለት

ዛሬ ጋሽ ከድር ራሱ ሳያውቀው ደምሴን እጄ ላይ ጣለልኝ።

ጋሽ ከድር መካኒሳ ሙዚቃ ቤት አለው። ሙስሊም ነው፤ ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ግን ከእኛ ከጾመኞቹ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ጾም ሲገባ ዘፈን አይሸጥም። እናቶች ቴፕ ያዘጋሉ። ክላሲካል ከሆነ ግን፣ ማለት ቃል የሌለው በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት ከሆነ፣ እንደ ዘፈን አይቆጠርም። ማን እንደወሰነው አላውቅም፣ በየቤቱ እንደዚያ ነው። እማዬም "ቃል የለው፣ ምን ኃጢአት አለበት?" ትላለች። ስለዚህ በየዓመቱ ሰው የወደዳቸውን ዘፈኖች በአኮርዲዮንና በኦርጋን እጫወትለታለሁ፣ እሱ በካሴት ያባዛል፣ ሰዉም ሁዳዴን በዚያ ይዘልቃል።

ዛሬ የዘንድሮዎቹን እየጠራልኝ "ያንን የደምሴን የጥርስ ዘፈን ደግሞ አሳምረሽ" አለኝ። ፊቴን እንዳያይ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ያ ዜማ የእኔ ነው። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ እኔ አኮርዲዮን ስጫወት ደምሴ ይዘፍን ነበር። ዜማውን ያወጣሁት ታናሽ ወንድሜ ታምራት ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄደ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ ያለንም የለም፣ አለ ያለንም የለም። እማዬ ስሙ ሲጠራ ስለምታለቅስ እቤት ዘፍነነው አናውቅም፤ የምንለማመደው ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ደምሴ ከልምምድ በኋላ እየመጣ የእማዬን ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ልጄ እያለችው። አንድ ቀን ዜማው ካሴት ሆኖ ወጣ። ግጥሙ የሴት ጥርስ ሆኗል። ሽፋኑ ላይ "ግጥምና ዜማ" ከሚለው ቀጥሎ የራሱ ስም ተጽፏል።

ይኼም ባልከፋ። መጨረሻው ላይ ዜማው ሽቅብ የሚወጣበት፣ የታምራት ስም ያለበት ቦታ ነበር። ቆርጦ ጣለው። "ሳንሱር አያሳልፈውም" አለ አሉ። ውሸቱን ነው። ድምፁ እዚያ አይደርስም። ስንት ጊዜ ሲሰነጠቅበት የሰማሁት እኔ አይደለሁ?

ለማን አቤት ልበል? የኪነቱ ኃላፊ አብሮ አደጉ ነው። ጥርሴን ነክሼ ከረምኩ።

ወደ ጎፋ ስመለስ ውይይት ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ፊት ለፊት ተፋጠን ነው የምንቀመጠው፣ ሰው ሁሉ አፈጠጠብኝ። ይፍጠጥ።

ረቡዕ

እሱ የቆረጠውን እመልሰዋለሁ። በቃ፣ ያሰብኩት ይኸው ነው። ዘፈኑን እሱ እንደዘፈነው አንድም ሳላጓድል እጫወታለሁ። እሱ የሚያቆምበት ስደርስ አላቆምም። እወጣለሁ። ሰው ጆሮ ውስጥ እንዲገባ ደግሜ እወጣለሁ።

ቀረጻው ራሱ አበሳ ነው። ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ነው፤ ሲፈጭ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለምሳ ሲያቆም ብቻ ነው የምቀዳው። መጀመሪያ ኦርጋኑን በአንዱ ቴፕ እቀዳለሁ፤ ከዚያ እሱን እያሰማሁ አኮርዲዮኑን ከላዩ እጫወትና ሁለቱን አንድ ላይ በሌላው ቴፕ እይዛለሁ። ማይኩ የልብስ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ዛሬ ልጨርስ ስል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ መጣራት ጀመረ። እንደገና ጀመርኩ፣ ወፍጮው ተነሳ። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ።

ሐሙስ

ያዝኩት! ከነመውጫው፣ ሁለት ጊዜ፣ ንጹሕ። ጣቶቼ እሳት ሆነው ነበር።

የቀሩትን ዘፈኖች እንደነገሩ ተጫወትኳቸው። ባለቤቶቻቸው ይቅር ይበሉኝ፣ በእነሱ ላይ ቂም የለኝም።

እማዬ ምስር እየለቀመች ስትሰማ ነበር። ወዲያው አንጎራጎረችው፣ ያንኑ መውጫውን። የልጇ ስም እዚያ ውስጥ እንዳለ አታውቅም። አልነገርኳትም፣ ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ።

ቅዳሜ

ጋሽ ከድር ሲሰማ ጭንቅላቱን ዘመም አደረገ። "ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ከየት መጣች?" አለ። ማሳመሪያ ናት አልኩት። አንድ ጊዜ መልሶ ሰማትና ዘፈኑን የካሴቱ መጀመሪያ ላይ አደረገው። እንግዲህ ደምሴ ይዘጋጅ።

ሰኞ፣ የደብረ ዘይት ማግስት

ሥራዬ ሥራውን እየሠራ ነው። ነፋስ ስልክ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ይሰማል። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ይሰማል። ባለ ወፍጮው ራሱ ጆንያ እየተሸከመ ያፏጨዋል። ትናንትናማ ቀበሌ ስብሰባ እስኪጀመር ድረስ አሰሙን፣ እኔ ግንባሬን ኮስተር አድርጌ ተቀመጥኩ። የሚገርመው፣ ሰው የሚያፏጨው የጥርሱን አይደለም፣ መውጫውን ነው።

እሱንም አገኘሁት። ቡኒ ኮቱን ለብሶ ከአንድ ሱቅ ሲወጣ ተገጣጠምን። "አስኩ፣ ክላሲካልሽ ሸጋ ነው፤ መጨረሻዋን ብቻ አበዛሻት" አለኝ። ስሜት ይዞኝ ነው አልኩት። ሳቀ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላወቅኩም፣ ግን ልቡ ንክች አላለም። እንደዚህ ያለ ሰው ምን ቢያደርጉት ነው የሚሰማው?

ዓርብ

ደግ ወሬ! መስፍንን አገኘሁት፤ ደምሴን በቅርቡ ማጀብ የጀመረው ባንድ መሪ፣ ጊታር የሚጫወተው ማለት ነው። ለዳግም ትንሣኤ ለቡ የሚኖረው ገበሬው ጋሽ ቱፋ ልጁን ይድራል፣ ደምሴ ይዘፍናል፣ እነሱ ያጅባሉ። እኛም ተጠርተናል፣ እማዬና የጋሽ ቱፋ ሚስት ማኅበርተኞች ናቸው።

የሚለማመዱት የት ነው? መስፍን እናት ቤት። የመስፍን እናት በሁዳዴ ዘፈን ያለበት ካሴት ቤቴ አይገባም ብላለች። ስለዚህ ባንዱ ሁሉንም የሚያጠናው ከእኔ ክላሲካል ነው። "አንቺን ነው የምንሸመድደው" አለኝ መስፍን። ደምሴስ ልምምድ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና፣ እሱማ የራሴን ዘፈን ማን ያስተምረኛል ብሎ ቀርቷል አለኝ።

መጨረሻዋ ደምሴ ካሴት ላይ እንደሌለች ልነግረው እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰላም ለእናትህ በልልኝ ብዬ ሄድኩ።

ፋሲካ

ዶሮውን በላን። የታምራት ድርሻ እንደ ሁልጊዜው ተነስቶ ተቀመጠ። እማዬ "ድንገት ቢመጣ" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው።

ጭንቀቶቼ፦ ዝናብ። መብራት መጥፋት። ደምሴ ልምምድ ሄዶ ቢሰማስ? ወይ አንዱ ሹክ ቢለውስ? ወይ ደግሞ፣ ይኼ የሚያስጠላኝ ነው፣ ድምፁ ቢደርስስ?

አይደርስም።

ሰኞ፣ የዳግም ትንሣኤ ማግስት

አንጀቴ ራሰ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሰዓት እላፊ ስላለ ሠርጉ በጠራራ ፀሐይ ነው የተበላውም የተጨፈረውም። ዳሱ የተጣለው የጋሽ ቱፋ የጤፍ ማሳ ጠርዝ ላይ ነበር። እኔና እማዬ የሴቶቹ ወገን ተቀመጥን። ደምሴ ያንኑ ቡኒ ኮቱን ለብሶ ማይክ ጨበጠ። ሌሎቹን ዘፈነ። ከዚያ የጥርሱን ጀመረ፣ ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ሥጋዬን እቆርጣለሁ።

የሚያቆምበት ደረሰ። እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ አንገቱን ደፋ፣ ጭብጨባ ጠበቀ። ባንዱ አላቆመም። ኦርጋኑ ወጣ። መስፍን ተከተለ። ደምሴ ዞር ብሎ አየው፣ መስፍን ደግሞ ግባ እንጂ ዓይነት በአገጩ ጠቆመው። ሰዉ ሁዳዴን ሙሉ ሲሰማው ነው የከረመው፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሽማግሌውም ሚዜውም አብሮ ወጣ፣ ላላላ እያለ። ዘፋኙ ብቻ ቀረ። አፉን ከፈተ። አንድ ድምፅ ሞከረና እዚያው ዳሱ ውስጥ ተሰነጠቀበት። ሙሽሪት ራሷ በቬሎዋ አፏን ሸፈነች። አንዷ አክስት "ቃሉን በለና ልጄ!" ብላ ጮኸች። ቃሉን ከየት ያምጣው? ማይኩን ወደ ሰዉ ዘረጋ፣ ሰዉም ቃል የለው። ይደገም አሉ። ተደገመ። ደግሞ ተሰነጠቀበት።

በሰው መሀል ፈልጎ አገኘኝ። አሁን ገብቶታል። ዓይኔን አልሰበርኩም። ይበለው! እንኳን! የዛሬን ያህል ሥጋ በልቼ አላውቅም።

ግን ስንመለስ እማዬ መንገድ ላይ እያንጎራጎረች ቆየችና "እኔ ምለው፣ ያ መጨረሻው ቃል የለውም እንዴ? ያለ ይመስላል እኮ" አለች። እኔ እንጃ አልኳት። ቀድሜያት መራመድ ጀመርኩ።

ረቡዕ

መጣ። ወፍጮው ለምሳ እንዳቆመ በሩን አንኳኳ። ኮት አልለበሰም። እማዬ ግቢው ውስጥ ስንዴ እየለቀመች ነበር፣ ምነው ጠፋህ አለችው፤ ጉንጯን ስሞ አጠገቧ ቆመ።

ለእኔ የተናገረው አጭር ነው። ለእሑድ ሌላ ሠርግ አለበት፣ ያቺን መጨረሻ ካልዘፈንክ አትምጣ ብለውታል። ከዚህ በኋላ ማንም ያለሷ አይሰማውም። ቃሉን ስጪኝ አለ።

ስንት ጊዜ በሐሳቤ ተዘጋጅቼበታለሁ። የምሰድበው ስድብ ሁሉ ተደርድሮ ነበር። ሲመጣ ግን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዜማው የእኔ መሆኑ ይጻፋል አልኩት። እሺ አለ፣ በጣም ቶሎ፣ ስለዚህ አላመንኩትም። ሁለተኛ፣ ድምፁ ከዚህ አይወርድም አልኩት። እዚህ ላይ ተከራከረ።

"ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ አስኩ፣ አይደርስልኝም።"

"አላደርግም።"

አኮርዲዮኑን አነሳሁና ቃሉን ነገርኩት። ብዙ አይደለም። በሩን አልቆለፍንም፣ ታምራት ግባ። ድርሻህ አለ፣ ታምራት ግባ። ይኼው ነው። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ስንት ጊዜ ብሎታል፣ ረስቶታል። ሳንሱሩስ አለኝ፤ አንድ የሰው ስም ነው፣ ማን ይጠይቅሃል አልኩት።

ዘፈነው። "ግባ" ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

የእማዬ እጅ ስንዴው ላይ ቆመ። "ማን አልክ?" አለችው።

ደምሴ እኔን አየኝ። እኔ አኮርዲዮኑን አየሁ።

"ታምራት፣ እማማ።"

አላለቀሰችም። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችና "እስቲ ድገመው" አለችው። ደገመው። ድገመው አለችው። ደገመው፣ ደሞ ተሰነጠቀ፣ እሷ ግን መሰንጠቁን የሰማችው አይመስልም። ወፍጮው ተነሳ። እዚያ ላይ የሚበቃን መስሎኝ ነበር። ወደ እሱ ጠጋ ብላ ጆሮዋን ሰጠችው፣ እሱም በወፍጮው ላይ እየጮኸ ዘፈነላት። ጣቴ እስኪዝል አጀብኩት። ሲጨርስ ድምፅ የሚባል ነገር አልቀረውም። ሻይ ሰጠችው፣ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፣ ያኔ እንደሚጠጣው።

በዚህ ጉሮሮ እሑድ ምን ይውጠዋል? የራሱ ጉዳይ። ስሜን ያሳትም አያሳትም አላውቅም። ይቅር አላልኩትም፣ ይኼንንም እዚህ ጽፌዋለሁ። ሲወጣ ግን እማዬ በሩ ድረስ ሸኝታው ነገም ትመጣለህ አይደል አለችው፣ እሱም በጭንቅላቱ እሺ አለ።

ማይኩን ከገመዱ አላወረድኩትም። ነገ ወፍጮው ሲያቆም ይምጣ፣ እቀዳዋለሁ። ዝቅ አላደርግለትም።