ድምፅሽ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ አባትሽ ደውሎ «የላክሽው ዘፈን ባዶ ነው፣ እንደገና ቅረጪው!» ብሎ ጮኾብሽ፣ መልስሽን እንኳ ሳይጠብቅ ዘጋው። ተቀይመሽ ዝም ማለትሽ አይገርመኝም። ግን የሆነውን ስሚኝ።

ዘፈንሽ እንደደረሰ ትተሽው የሄድሽውን ሳውንድ ካርድ፣ ያንን ድምፅ ከኮምፒውተር የሚያወጣውን ሣጥን፣ አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ዕድሜውን ስቱዲዮ ውስጥ የጨረሰ ሰው አይደል፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ማስተማር ጀመረ። «ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ቀዳዳዎች የስፒከር ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ» አለና ሰክቶ ከፈተው። ልጄ፣ ቤቱን ሞላሽው! እንባዬ መጣ። እሱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ «ምነው ዝም አለ?» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሌላ ገመድ ፈልጎ ቀይና ነጭ ቀለበት ካላቸው ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ጋር አገናኘ። «እነዚህ ለአሮጌው ቴፕ ይሆናሉ። ይቺን ቀይ ብርሃን የምታወጣውን ተያት፤ እሷ የምትናገረው ለማሽን እንጂ ለስፒከር አይደለም።» ቴፑም አንቺን ዘፈነ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

ከፊት ያለችው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቀረች። ማዳመጫውን አጥልቆ የድምፁን ማዞሪያ እስከ ጥግ ወሰደው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ቃል በቃል እሰማሻለሁ።

አወለቀውና «አንቺስ ይሰማሻል?» አለኝ።

ዓይኑ እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። «እኔም አይሰማኝም» አልኩት። የደወለልሽ ያኔ ነው። የጮኸብሽ በእኔ ውሸት ነው፣ ልጄ።

ስልኩን ዘግቶ ካርዱን ሊያጠፋ ተመለሰ። ዘፈንሽ ገና አላለቀም። የካርዱ ፊት ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ከድምፅሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላሉ። ድምፅ ሳይኖር እንደማይበሩ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ዘፈኑ አልቆ እስኪጠፉ ድረስ ቆሞ አያቸው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ገመዶቹን እየነቀለ ጠቀለላቸው።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የጆሮው ነርቭ ሲደክም ኖሮ አሁን አልቋል አሉን። የመስሚያ መሣሪያ ቢደረግለትም ብዙ አትጠብቁ ብለዋል። ለካ ከእኔ ጋር ሲጫወት የከረመው ከንፈሬን እያየ ነው። አብሬው እየኖርኩ አላወቅሁም።

አሁን ይህን ስጽፍ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። «ለእሷ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ።

«ዘፈኑ በጣም ጥሩ ነው በያት» አለኝ። ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ «በተለይ መጨረሻው» አለ።

እንዳለኝ ጽፌልሻለሁ።

ክፉ ዓይን አይይሽ፤ የምትገቢበት ቤት ሁሉ የሰው ሙቀት ያለው ይሁን።

እናትሽ