ብዙ የማይከፍት ቴሌቪዥን

የእናቴ ልጅ አቤል፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሆንክ በዓይኔ አይቻለሁ። ካርቱም ጀሪፍ፣ በራችን ላይ ቦርሳህን አንግተህ ከተለያየን ሦስት ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። ከሞትክ ደግሞ ሁለት ዓመት ሞላህ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ስለተቆጣሁህ ነው። አሁንም ቁጣዬ አልበረደም፤ ግን ሰሞኑን በቤታችን የሆነውን ከአንተ ደብቄ መኖር አቃተኝ።

ከቴሌቪዥኑ ልጀምር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ጣሪያችን ላይ የወጣ ሰው የለም። የግማሽ ካርቱምን ዲሽ የተከልከው አንተ በሄድክ በሳምንቱ ሀቡብ ተነሥቶ፣ ያ ቀኑን የሚያጨልመው የአቧራ ነፋስ፣ የእናትህን ዲሽ አፉን ወደ መሬት ደፋው። ሌላ ሠራተኛ ላምጣ ብላት እማዬ አሻፈረኝ አለች። አቤል ሲመጣ ያስተካክለዋል አለች። አንተ ጣሪያ ላይ ሆነህ “መጣ?” ስትል፣ እሷ ከውስጥ “አልመጣም! አሁን መጣ! ኧረ ሄደ!” ስትል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጩኸታችሁን ሳቀባብል ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብን ነበር። አንድ ቀን ሥዕሉ ጥርት ብሎ መጥቶላት፣ አንተን ግን “አልመጣም” እያለች ፀሐይ ላይ አቁማህ ተመቻችታ ፊልም ስታይ ይዣታለሁ። ይህን ሳልነግርህ ሄድክ።

የሞትክበት ቪዲዮ የወጣው በሄድክ በዓመት ከሁለት ወሩ ነው። አል-ሳሃፋ ሰፈር በምሠራበት ፀጉር ቤት እጄ ሰው ፀጉር ላይ እንዳለ፣ አብራኝ የምትሠራው ትርሐስ ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። በረሃ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። አጋቾቹ ቤተሰብ ለማስደንገጥ ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው የለቀቁት ነው። ሰዎች እጃቸው ተጠፍሮ በደረታቸው ተኝተዋል፤ ሁለት ወንዶች በጎማ ቱቦ ይገርፏቸዋል፤ ከዚያ ሦስተኛው የብረት ዘንግ ይዞ ይገባል። ቢጫዋን ቲሸርት የገዛሁልህ እኔ ነኝ፤ በሺህ ሰው መሀል አውቃታለሁ። ብረቱ ጀርባህ ላይ አረፈ። ደግሞ አረፈ። አራተኛው አንገትህ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቅክም። የደንበኛዬን ፀጉር በግማሽ ትቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሶባ ሄድኩ። አንተን በበረሃ ወደ ባሕር ማዶ የላከህ ደላላ የሃፍላው፣ የሚኒባሱ መናኸሪያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ወንድሜስ አልኩት። “አላህ ያርሐሙ፣ ሞቷል” አለኝ። “እኔ ምን ላድርግ ያ ኡኽቲ፣ እኔ መንገድ ነው የማሳየው።” ይህን ሲል ማንኪያውን ከብርጭቆው አላወጣም። ድንጋይ አነሣሁ። ብርጭቆውንና ሁለት ጥርሱን አንድ ላይ ነው ያረገፍኩት፤ ሲወድቅም አልተውኩትም፣ በጫማዬ ፊቱን ረገጥኩት። ሰው መሀል ገብቶ ባይዘኝ ገድዬው ነበር፤ ይህን ስጽፍልህ አላፍርም። ፖሊስ መጥቶ “ኢቃማሽን!” አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴን ቤት ትቼው ወጥቻለሁ። እስከ ከሰዓት አስቀምጠውኝ መኮንኑ ለምን እንዳደረግኩት ሲጠይቀኝ ቪዲዮውን ከፍቼ ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አላየውም። ስልኬን መለሰልኝና “ያላ፣ ቤትሽ ሂጂ” አለኝ።

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። መርዶ በአገራችን ሕግ አለው፤ አንተም ታውቀዋለህ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ለብቻዋ ላለች እናት እንዲህ ያለ ነገር አይወረወርም። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ጋ ሄድኩ። ደም ብዛቷን አንስተው ፋሲካ ይለፍ አሉኝ። ፋሲካ አለፈ። መድኃኒቷ ይስተካከል አሉ። ቀጥሎ ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ ምን ብለን እንነግራታለን ተባለ። እውነቱን ልንገርህ፣ በየቀጠሮው ደስ ይለኝ ነበር። ፈሪ እህት ነው ያለችህ። ሽማግሌዎቹ ሲያዘገዩ እኔ ቁጣዬን በስልኬ ላይ አደረግኩት፤ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት፣ ሃፍላ ውስጥ ተቀምጬ ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ትነቃነቅ እንደሆነ ነበር የማየው።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ሐጃ አምና ልጆቿ በኢንተርኔት የሚሠራ ቴሌቪዥን ገዙላት። እማዬ እዚያ ሄዳ ቅዳሴ አየች፤ የልጅነት ደብሯ ታቦት ሲወጣ አየች። ከዚያ በኋላ ከሐጃ አምና ቤት አልነቀል አለች። ልጆቹ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ይከፍታሉ፤ አንድ ቀን መጋዘኑን ቢከፍቱባትስ? እቤቷ እንድትቀር የራሷን መግዛት ግድ ሆነብኝ።

አል-ሳሃፋ ካሉት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ነጋዴው ሁለቱን አማራጭ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። አንዱ ቦክስ የሚሉት ነው፤ የእጅ መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፣ ከማንኛውም ቴሌቪዥን ጋር ትሰካታለህ፤ የፈለግከውን አፕ ትጭንባታለህ፤ ሪሞቱ ላይ ተጭነህ በአፍህ ስትናገር ፈልጋ ታመጣለች። ሁለተኛው ስማርት ቲቪው ራሱ ነው፤ ፋብሪካው ካስገባለት ውጭ ምንም አይቀበልም፣ ካስገባለትም ግማሹ በዚህ አገር አይፈቀድም ብሎ ይዘጋል። ነጋዴው ለቦክሷ ምሎ ተገዘተ። እኔ ግን የትኛው ነው ትንሽ የሚከፍተው ብዬ ጠየቅኩት።

“ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ብዙ የሚከፍተውን ነው የሚጠይቀኝ” አለ፤ አተኩሮ አየኝ። “ልጆች አሉሽ?”

እናት አለችኝ አልኩት። ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ቦክሷን ብገዛላት ግን ማንበብ ምን ያደርግላታል? ሪሞቱን ወደ አፏ አስጠግታ ስምህን ብትጠራበትስ? ስማርት ቲቪውን፣ ከዚያ ውስጥም አሮጌውንና ድፍኑን መርጬ በሪክሻ ጭኜ መጣሁ። ቤት ስገባ ያሉትን አፖች አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ መፈለጊያውን በቁልፍ ቁጥር ዘጋሁት፤ ለቅዳሴዋ አንዱን የቪዲዮ ማያ ብቻ አስቀረሁ። እሱ ደግሞ አካውንት ካልሰጣችሁኝ አልከፍትም አለ። እማዬ አካውንት የላትም። እኔ ብልጧ የራሴን አስገባሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ስልኬ ላይ ያየሁትን ሁሉ ቴሌቪዥኑ ያውቃል ለካ። ጠዋት ወጥቼ በሩን ስዘጋ፣ እማዬ ሪሞቷን ስታነሣ፣ ከቅዳሴው በፊት አንደኛ ላይ ተደርድሮ የሚጠብቃት እኔ ሃፍላ ውስጥ ሳየው የነበረው መጋዘን ነው። ያን ሁሉ የዘጋሁት ሰው፣ በራሴ እጅ ቁልፉን ሰጠኋት።

ሦስት ወር አየችህ፣ አቤል። በየቀኑ። ማታ ስመጣ ቅዳሴው ተከፍቶ፣ እራቴ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። እንዴት ዋልሽ እላታለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። እንደ እኔ ሃፍላ ውስጥ አልቅሳም አልወጣላትም፤ ዓይኗ ደርቋል። መድኃኒቷ ተስማምቷት ነው ብዬ ለትርሐስ አወራሁ።

ባለፈው ወር፣ ገና ሰማዩ ሳይገልጥ፣ ቀሰቀሰችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ የለቅሶ አለባበስ ነው።

“ጋሽ ወርቁን ጥሪ። ሴቶቹንም ጥሪ” አለችኝ። “ሦስት ወር ሙሉ ጠበቅኳችሁ። መርዶዬን ንገሩኝና ልጄን ላልቅስ። ሰው ሳይነግረኝ እንደ እብድ ብቻዬን ላልቅስ?”

እየሮጥኩ ጠራኋቸው። ጋሽ ወርቁ ሁለት ዓመት ያዘጋጁት ንግግር በሩ ላይ ጠፋባቸው። እማዬ “በሉ እንጂ ጋሼ፣ በሉ” አለቻቸው፤ እሷ አበረታቻቸው። ከአፋቸው እንደወጣ ያ የታፈነ ሦስት ወር ፈነዳ። ደረቷን በሁለት እጇ ደቃችው፤ ፊቷን ቧጥጣ ደም በደም አደረገችው፤ አራት ሴቶች ይዘዋት አልቻሏትም፣ አንዷን ጥላት ግድግዳው ላይ ራሷን አጋጨች። ሐጃ አምና ጩኸቱን ሰምታ በባዶ እግሯ መጣችና በአገሯ ደንብ አቧራ ራሷ ላይ በትና ወደቀች። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር። ማንም አልነካኝም፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ሁሉም ያውቁት የነበረ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲበተን ዘነዘናውን አነሣሁ። ቴሌቪዥኑን ልሰባብረው ነበር። ከመሀል ጀምሬ፣ ያ መጋዘን እስኪደቅ፣ ባለ ብረቱ ሰውዬ እስኪደቅ፣ የእኔም አካውንት አብሮ እስኪደቅ። ዘነዘናውን ከራሴ በላይ እንዳነሣሁ እማዬ ከአልጋ ተነሥታ በጥፊ ጠረቀችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተመትቼ አላውቅም። ጆሮዬ ጮኸ። ሳልቀና ደገመችኝ፣ ሠለሰችኝ፤ ሁለት ዓመት የዋሸኋትን ሁሉ በዚያ በደረቀ እጇ መለሰችልኝ። ከዚያ ዘነዘናውን ነጥቃ ወረወረችው፣ ክንዴን ይዛ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠችኝ።

“ሰውየው ይተነፍሳል፣ አታዪም?” አለችኝ።

የቱ ሰውዬ አልኳት። ቪዲዮውን ከፈተችው። እኔ ያንን ነገር መቶ ጊዜ ያየሁት መዳፌ በምታህል ስልክ ላይ፣ ሃፍላ እያንገጫገጨኝ፣ አንተን ብቻ እየፈለግኩ ነው። በትልቁ ስክሪን ሌላ ነገር ነበር። አጠገብህ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ ተኝቷል። ብረቱ መጀመሪያ የተነሣው በእሱ ላይ ነው። አንተ እጅህ እንደታሰረ በጉልበትህ ተንፏቀህ ጀርባው ላይ ተደፋህበት። አራቱም ምት የእሱ ነበር፤ አንተ ተቀበልከው። አንተ ዝም ካልክ በኋላ፣ ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል፣ ከሥርህ ያ አረንጓዴ ሹራብ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እማዬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ትንፋሹን አሳየችኝ። አንዴ። ደግሞ አንዴ። እኔ ሁለት ዓመት ያየሁት እንዴት እንደገደሉህ ነው፤ እሷ ምን እንዳደረግክ አየች።

ያን ሰው ፈልጊልኝ አለችኝ። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሶባ ተመልሼ ሄድኩ፣ አቤል። ደላላው ሲያየኝ ለመሮጥ ብድግ አለ። ድንጋይ እንዳልያዝኩ እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፤ ከዚያ ጉልበቱን ያዝኩ። የእኔ ግንባር የእሱን ጉልበት ነካ፤ ከአንተ ሞት ቀጥሎ በሕይወቴ ከሁሉ የመረረኝ እሱ ነው። የጎደለ ጥርሱን በምላሱ እየነካካ ብዙ አየኝ። ከዚያ መጋዘን በሕይወት የወጡት ሦስት ናቸው አለኝ፤ ባለ አረንጓዴ ሹራቡ አንዱ ነው፤ ገዳሪፍ ጡብ ማቃጠያ ውስጥ ይሠራል፣ ኢንሻላህ አሁንም እዚያ አለ። ተለያየን። ይቅር አላልኩትም።

ነገ ጠዋት እማዬና እኔ ወደ ገዳሪፍ እንሄዳለን። የአንተን ጃኬት አጥባለታለች፤ በትከሻ ትበልጠው ይሆናል፣ ግን ይሆነዋል ብላለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደም ብዛትሽስ ብላት አልሰማችኝም። ምን ልትጠይቂው ነው አልኳት። ምንም አልጠይቀውም አለች።

አልረሳህም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ነገር ግን መጋዘኑ ውስጥ እንደጣሉህ አድርጌ አላስታውስህም፤ እሱን ለገዳዮችህ ትቻለሁ። የእናቴ ልጅ፣ ነገ እማዬ የምትሄደው ያንን ሰው ዘወር በል ልትለውና ጀርባውን በእጇ ልትዳስስ ነው። የሸፈንከውን ቦታ። እኔም ከእሷ ቀጥዬ እዳስሰዋለሁ።

እህትህ