ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ የሞተው ሊኑክስ

ሰኞ

ሦስተኛው አልነሳም አለ። ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሰባት ጊዜ አስነሳሁት። ሰባቱንም ጊዜ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሁፍ እየደረደረ ይመጣና እዛው ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም ይላል። ከዛ ፓስወርድ ይጠይቀኛል፣ ኬላ ላይ መታወቂያ እንደሚጠይቅ ፖሊስ።

ጭንቅላቴ እንዲረጋ ከስሩ ልጻፈው። እዚህ ጂጂጋ ክሊኒኩ ያለው አንድ ሰርቨር ነው። ውስጡ ሦስት ሊኑክስ አለ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ኮምፒውተር ይመስለዋል። አሰሪዬ አብዲ «ማርቲ» ነው የሚላቸው፣ በሶማሊኛ እንግዳ ማለት ነው። ማርቲ አንድ ላብራቶሪ፣ ማርቲ ሁለት ፋርማሲ፣ ማርቲ ሦስት ካርድ ክፍል። የሞተው ካርድ ክፍሉ ነው። የታካሚው ሁሉ ታሪክ ያለበት። ሌላ የሚሞት ጠፍቶ!

አብዲ ደግሞ የለም። የኮምፒውተር ሱቁን ዘግቶ ደወሌ ሄዷል፣ ለአንድ ትራንዚት ቢሮ ኔትወርክ ሊዘረጋ። ክሊኒኩን ለእኔ ትቶልኝ። ከአስራ አንደኛ ክፍል ከመምህር ጋር ተሰዳድባ ለወጣች የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ። «ትችያለሽ አባዮ፣ እህቴ፣ ቁጣሽን ብቻ ቤት አስቀምጪው» ብሎኝ ነው የሄደው።

አላስቀመጥኩትም።

ሎጉን፣ ማሽኑ የሚሰራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፍቼ አየሁ። የመጨረሻው መስመር 06:20 ይላል። ከዛ ባዶ። ደሜ ፈላ። ማርቲዎቹን በኛ ሰዓት እንዲቆጥሩ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። የካርድ ክፍሏ ትግስት «ስድስት ሰዓትን አስራ ሁለት እያለ የሰው ቀጠሮ አሳሳተኝ» ብላ ስለነዘነዘችኝ ስድስት ስድስት ሰዓት ወደኋላ መለስኩላት። ስለዚህ 06:20 ማለት ቀን ስድስት ሰዓት ከሃያ ነው። ያ ደግሞ ክሊኒኩ ለሙቀቱ የሚዘጋበት ሰዓት። ሁሉም ወደ ምሳው፣ ወደ ጫቱ ይበተናል፤ እስከ አስር ሰዓት ግቢው ውስጥ ዘበኛው አዴር ሙሴ ብቻ ነው ያለው (አዴር አጎት ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው)። ሲዘጋ የመብራቱን ብሬከር የማውረድ አመል አለው፣ ጎረቤት ሱቅ ከተቃጠለ ወዲህ። የሰርቨሩን መስመር አብዲ በቀይ ፕላስተር አሽጎ «ይቺን እንዳትነካ» ብሎታል። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ከሞተ ቆይቷል። ብሬከሩ ከወረደ ሰርቨሩ ድርግም ነው።

ወጣሁ። በረንዳው በታካሚ ሞልቷል።

«ብሬከሩን አውርደሃል!» አልኩት ሽማግሌውን። አንተ አልኩት። ሁሌ እርስዎ ነበር የምለው።

«ናያ፣ ስማ፣ ቀዩን እኔ አልነካሁም። ወላሂ።»

«ኮምፒውተሩ ጽፎታል! ኮምፒውተር አይዋሽም! ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ እዚህ ማን ነበር? ጂኒ?»

«እኔ ነበርኩ። አልነካሁም።»

«ውሸታም ሽማግሌ!»

በረንዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ «አስተግፊሩላህ» አለች፣ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሂቦ በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

የሚገርመው ጠዋት ደህና ውዬ ነበር። አዲሱን የሊኑክስ ስሪት የምለማመድበት አንድ ማሽን ሰራሁ። የካርድ ክፍሉን ሴቲንግ ገልብጬ፣ ስሙን «ሙከራ» ብዬ። አንድም ስህተት ሳያወጣ ተነሳ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጠዋቱን ብቻ ኖሬ ብተኛ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራሙን ለቀቅኩበት። ላስተካክል? ይላል። አዎ። ላስተካክል? አዎ። ላስተካክል? አዎ፣ አዎ፣ አዎ! እስከ ምሳ ሰዓት አዎ ስል ዋልኩ። ሲጨርስ ፋይሎቹን ሁሉ ስማቸውን አውልቆ፣ ቁጥር ሰጥቷቸው፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ከምሯቸዋል። ሬሳ ቤት በለው። ግማሹን ስከፍተው የማይነበብ ምልክት ነው።

ባክአፕ አለ። አብዲ «በየሐሙሱ ወደ ውጪው ሃርድ ዲስክ ገልብጪ» ብሎኛል። የመጨረሻው ከአስራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ሁለት ሐሙስ ዘልያለሁ። አንዱን አሞኝ ነበር። ሁለተኛውን ምንም አልሆንኩም።

አስር ሰዓት ላይ ዶክተር ሂቦ ጠራችኝ።

«ሙሴን አሰናብቼዋለሁ» አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «የሰው ህይወት ያለበት እቃ ላይ መጫወት አይቻልም። አንቺ ካርዱን አምጪልኝ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ደስ ብሎኛልም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ከዛ አዴር ሙሴን በመስኮት አየኋቸው። ፕላስቲክ ወንበራቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ የበሩን ቁልፍ ለትግስት ሰጡ፣ ኮፍያቸውን አራግፈው አደረጉ። ማንንም አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ

አዲስ ማርቲ ሦስት ከባዶ ጫንኩ። ዲስክ ሰጠሁት፣ ሜሞሪ ሰጠሁት፣ ተነሳ። ኔትወርክ የለውም። አንድ ሰዓት ተኩል ከኬብል ጋር ተጣላሁ፣ ስዊቹን በጥፊ መታሁት። ለካ አዲሱ ማሽን የኔትወርክ ካርዱን በሌላ ስም ነው የሚጠራው፣ እኔ ደግሞ አድራሻውን ለአሮጌው ስም ነው የሰጠሁት። አንድ ቃል ቀየርኩ፣ መጣ። ባክአፑን መለስኩ። ስምንት ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሉ ገጽ ተከፈተ። ምሳ አልበላሁም። አሸነፍኩ።

ያላሸነፍኩት፦
የአስራ ዘጠኝ ቀን ካርድ።
የነፍሰ ጡሮቹ ክትትል።
አዲስ መድሃኒት የጀመሩት ስኳርና ግፊት ታማሚዎች፣ ስንት ሚሊ እንደታዘዘላቸው።
ከደምበል፣ ከገጠሩ ሁሉ መኪና ተሳፍረው መጥተው «ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው» ተብለው ባዶ እጃቸውን የሄዱት።

ትግስት ደብተር አውጥታ እንደ ድሮው በእስኪሪብቶ እየጻፈች ነው። አዳማ ነው ያደገችው፣ ስትናደድ ዝም አትልም።

«ይሄ ሰውዬ ግን ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

«ሰርቨሬን ገደለው።»

«መች? እኔ ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ነው አልመዘግብም ያለኝ። ሴቭ ስለው ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ለምሳ ስወጣ ጨርሶ ቆሞ ነበር።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ! ‹ኔትወርክ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ› አልሽኝ።»

ብዬ ይሆናል። ለሰው ሁሉ ሁሌ «ኔትወርክ ነው» ነው የምለው።

አዴር ሙሴ ደምበል ወንድማቸው ጋ ሄዱ አሉ። አዲስ ዘበኛ መጥቷል፣ ጉሌድ የሚባል፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጦበታል።

ሐሙስ

አብዲ ደወለ። ደወሌ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ከአሸዋ ስር የሚያወራ ነው የሚመስለው። ሁሉንም ነገርኩት። ብሬከሩን፣ ሎጉን፣ ሽማግሌውን። 

«ሌሎቹ ማርቲዎችስ?» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ሳይጠፉ ስንት ቀን ሆናቸው? መብራት ከሄደ ሦስቱም ነው የሚሞቱት አባዮ፣ አንዱ ብቻ ተመርጦ አይሞትም። እዪና ደውዪልኝ።»

መስመሩ ተቆረጠ። እኔ ግን ከዛ በፊት ገብቶኛል። ለመጠየቅ አንድ ትእዛዝ ነው፣ አንድ ቃል። ሰኞ አልጻፍኩትም። አሁን ጻፍኩት።

ማርቲ አንድ፣ አርባ አንድ ቀን። ማርቲ ሁለት፣ አርባ አንድ ቀን። ሰርቨሩ ራሱ፣ አርባ አንድ ቀን። አርባ አንድ ቀን ሙሉ ማንም መብራት አልነካም።

ታዲያ 06:20 ምንድነው? የአሮጌውን ማርቲ ሦስት ሴቲንግ ከተረፈው ፋይል ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። በኛ ሰዓት አይደለም የሚቆጥረው። በፈረንጅ አቆጣጠር የጂጂጋውን ሰዓትም አልያዘም። ከሳምንታት በፊት እንደገና ስጭነው ሰዓቱን መቀየር ረስቻለሁ፤ ሊኑክስ ዝም ሲባል የሚይዘውን የለንደኑን ሰዓት ይዞ ነበር። የቀጠሮውን ገጽ ብቻ አስተካክዬ የማሽኑን ዘልያለሁ፤ ለዛ ነው ትግስትም ያላስተዋለችው። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። እዛ ስድስት ከሃያ ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር እኛ ጋ ዘጠኝ ከሃያ ነው። በኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አዴር ሙሴ በር ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። ሰርቨሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ሙከራ»ን እያስነሳሁ። እያጨበጨብኩ።

ሴቲንጉን ከፈትኩት። ስሙን ቀይሬያለሁ። ሜሞሪውን ቀንሻለሁ። የዲስኩን መስመር አልቀየርኩትም። የካርድ ክፍሉን ዲስክ ነበር ለሁለት ማሽን የሰጠሁት፤ ሁለቱ እኩል ሲጽፉበት አንዱ የአንዱን እየደመሰሰ ፈጩት። ሁለት ሰው በሁለት እስኪሪብቶ አንድ ገጽ ላይ ሳይተያይ እንደሚጽፍ።

አብዲ ጋ መልሼ አልደወልኩም።

አርብ

ክሊኒኩ ዝግ ነው። ቁልፍ ስላለኝ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አውቃለሁ። «ሙከራ»ን ላጠፋው፣ ሎጉን ላጠፋው። አብዲ ሲመጣ «አላውቅም፣ ዲስኩ ያረጀ ነው» ብለው ያምነኛል። እቃው ከነጭራሹ አሮጌ ነው። ከዱባይ ተጥሎ በርበራ፣ ከበርበራ እዚህ። ማን ይጠይቃል? ይሄ ስራ ከሄደ ደግሞ እናቴ ወይ ትምህርት ቤት ትመልሰኛለች፣ ወይ ደሴ አክስቴ ጋ ትልከኛለች። ሁለቱም ያው እስር ነው።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አላጠፋሁትም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ኮምፒውተር አይዋሽም ብዬ የጮህኩት ድምጼ ጆሮዬ ላይ ስላለ ነው።

ለዶክተር ሂቦ ደወልኩ። እስከመጨረሻው ሰማችኝ።

«ያኔ እንዲህ እርግጠኛ ነበርሽ» አለች። «አሁንም እንዲህ እርግጠኛ ነሽ?»

«አሁን አረጋግጫለሁ።»

«ጉሌድን ቀጥሬዋለሁ እኮ። አብዲ ሲመጣ እንነጋገራለን።» ዘጋችው።

አዴር ሙሴ ጋ ሞከርኩ። አይሰራም። አይሰራም። አይሰራም። ከጁምዓ በኋላ በወንድማቸው ልጅ ስልክ አገኘኋቸው። ንፋስ ይሰማል፣ ፍየል ይሰማል። አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ እርስዎ እያልኩ። እሳቸው ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚሉት፣ ሴቱንም ወንዱንም።

«ኮምፒውተር አይዋሽም ብለህ ነበር» አሉኝ።

«አልዋሸም አዴር። እኔ ነኝ አሳስቼ ያነበብኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

 መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ። ይሄን ነገር ለፍየል ነው የምትነግረው? እዚህ ማንም አልሰማኝም ስሰደብ። ሰው የሰማው እዛ በረንዳ ላይ ነው። ሽማግሌ በሰው ፊት ከተሰደበ በሰው ፊት ነው የሚነሳው። የኛ ደንብ ይሄ ነው።»

«ቅዳሜ ጠዋት» አልኩ።

«ቅዳሜ ሰው ብዙ ነው» አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። ወይ ንፋሱ ነው።

ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት ላይ በረንዳው ሙሉ ነበር። አግዳሚው ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ግድግዳው ስር። ሶማሊኛዬ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ አልፈልግም። ማን ይተርጉምልኝ? ትግስት ከእኔ አትሻልም። ጉሌድ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ ልበል» አለ። ምን ልናገር እንደሆነ አላወቀም።

ተናገርኩ። ሰኞ አዴር ሙሴን ውሸታም ብያለሁ፣ ውሸት ነው። መብራቱን አልነኩም። ካርዳችሁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ፣ በስራ ሰዓት። የሚባረር ካለ እሳቸው አይደሉም። ጉሌድ እዚህ ጋ ሲደርስ ቆመ። አየኝ። ወንበሩን አየ። ከዛ ተረጎመው፣ ሁሉንም። ሙሴ የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ ሲል ሰማሁት፣ ጮክ ብሎ።

ማንም አላጨበጨበም፣ ፊልም አይደለም። አንድ ሰውዬ የሆነ ነገር ብሎ ጥቂቶቹ ሳቁ፣ ጉሌድ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም። አንዲት እርጉዝ ሴት ግን ቀጥ ብላ መጣች፣ በአማርኛ።

«እሺ፣ ሽማግሌው አልነካም። የኔ ካርድ ግን የት አለ? ደሜ አንሷል ተብዬ ነበር። ስንት እንደነበር ማን ያውቃል?»

«አላውቅም» አልኳት። «እንደገና ይለኩልሻል።»

«እንደገና» አለች። ክንዷን እያሸች ሄደች።

ዶክተር ሂቦ በሯ ላይ ነበረች። የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ እንድሰጣት እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። ስለ አዴር ሙሴ ምንም አላለችም። ጉሌድን ጠርታው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እስክሄድ ድረስ አልተከፈተም።

አሁን ቤት ነኝ። አብዲ ሰኞ ይመጣል። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፣ ማታ እነግራታለሁ። ቅድም ከደምበል ስልክ መጣ። ለካ አዴር ሙሴ በረንዳው ላይ ዘመድ አስቀምጠው ስልኩን አስከፍተው ነበር፤ ቃል በቃል ሰምተዋል።

«ልጁ በደንብ ተረጎመ» አሉ አዴር ሙሴ።

«ይመለሳሉ?»

«ዶክተሯ ከጠራችኝ አስባለሁ። ካልጠራችኝም ሰምቻለሁ።» ትንሽ ቆዩና «አንተስ፣ ሰኞ ስራ አለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም አዴር» አልኳቸው።

«እኔም አላውቅም» አሉ፣ እና ሁለታችንም ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።